በአዲስ አጥቢያ እንግድነታችን እስከ መቼ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እኅቶች፤ ከደሴ፣ ከደብረ ማርቆስ፣ ከነቀምቴና ከአዲስ አበባ ተነሥተን ለዩኒቨርስቲ ትምህርት ወደ ሐዋሳ ስንመጣ እያንዳንዳችን ያደግንበትን አጥቢያ ትተን ነው የመጣነው። ሻንጣችንን ያሰርን ዕለት ስለ ዶርሙ፣ ስለ ምግቡና ስለ ትምህርቱ ክብደት ብዙ ተጨንቀናል። ስለ ቤተ ክርስቲያን ግን የተጨነቀ አልነበረም። በሄድንበት ሁሉ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ጉልላቱን አይቶ መሄድ ነው ብለን ነበር። ጉልላቱን ማግኘቱስ አላስቸገረንም፤ ያስቸገረን ከቅጽሩ ከገባን በኋላ ያለው ነው።

ያደግንበት አጥቢያ ለእኛ ምን እንደ ነበረ የገባን ከራቅነው በኋላ ነው። እዚያ ካህኑ የክርስትና ስማችንን ያውቁታል። አንድ እሑድ ብንቀር «ምነው፣ አመመህ እንዴ?» የሚል ሰው ይመጣብናል። መዝሙር ስናበላሽ የሚቈጣን፣ ፈተና ሲደርስ በጸሎት ስማችንን የሚያስጠራልን፣ በጾም ቀን ያለ ሰዓቱ ከሱቅ ብስኩት ስንገዛ ያየን እንደ ሆነም ለእናታችን የሚናገርብን ሰው ነበረን። ይህ የመጨረሻው ያን ጊዜ አይወደድም ነበር። አሁን ግን የሚናገርብን ሰው ማጣት ምን ማለት እንደ ሆነ ዐውቀናል።

ሐዋሳ ከደረስን በኋላ ያደረግነው የሚያሳፍር ነው፤ ቢሆንም እንናገረው። አንድ ዓመት ተኩል ያህል በአንድ ቦታ አልጸናንም። ዛሬ ከአንዱ ደብር፣ በሚቀጥለው እሑድ ከሌላው እያልን ዞርን። ቅዳሴው ከተጋመሰ በኋላ ደርሰን ከቅጽሩ ዛፍ ሥር እንቆማለን፤ ሕዝቡ ሲሰናበት ቀድመን እንወጣለን። በመንገድም ወሬያችን ሁሉ ማወዳደር ነበር። «እኛ ጋ ስብከቱ እንዲህ አይንዛዛም»፣ «የእኛ መዘምራን እንዲህ አይጮኹም»፣ «ከበሮው እንዲህ አይመታም» እንባባላለን። ከነቀምቴ የመጣው ወንድማችን ስብከቱን በኦሮምኛ መስማት የለመደ ነበርና የእርሱ ናፍቆት በቂ ምክንያት ነበረው። የቀረነው ግን ቤተ ክርስቲያንን እንደ ገበያ ዕቃ እያገላበጥን እናይ ነበር ማለት ይቻላል። ዝናብ በጣለ እሑድ ደግሞ ከዶርም ሳንወጣ የሀገራችንን ደብር ስብከት በስልክ እናዳምጥና «ዛሬስ ሀገር ቤት ሄደን መጣን» እንባባል ነበር። ስልኩ ስብከቱን አመጣልን እንጂ ንስሐ አላስገባንም፤ አላቈረበንም።

አንድ ቀን የጽዋ ማኅበር ነበረና ከዛፉ ሥር ቆመን ሳለ አንዲት እናት ዳቤ ቈርሰው ሰጡን። ከየት እንደ መጣን አልጠየቁንም። «ልጆቼ፣ የንስሐ አባታችሁ ማን ናቸው?» አሉን። እርስ በርሳችን ተያየንና «ሀገር ቤት ናቸው፣ እማማ» አልናቸው። እርሳቸውም «ታዲያ እዚህ ስትታመሙ ሐኪሙ ሀገር ቤት ሆኖ እንዴት ነው የሚያክማችሁ?» ብለው ወደ ሌሎቹ አለፉ። በዚያን ሰዓት እንደ አንድ የእናቶች ጨዋታ ቈጥረነው ሳቅን።

ብዙ ሳይቆይ ከመካከላችን አንዱ ታይፎይድ ይዞት ዐሥር ቀን ተኛ። ከቤተ ክርስቲያን የጠየቀው ሰው አልነበረም። እኛም ተቈጣን፤ «ይህ ከተማ ፍቅር የለውም፤ እኛ ጋ ቢሆን ቤቱ በሰው ይሞላ ነበር» አልን። ሲሻለው ግን ራሱ የታመመው ወንድማችን «ማን ሊጠይቀኝ ይችላል? ማን ስሜን ያውቃል?» ብሎ ጠየቀን። መልስ አጣን። ስማችንን ለማንም ሳንነግር ማንም አላወቀንም ብለን እናማርር ኖሯል። እንግዳ ሆኖ መቆየቱ ደስ ይለን እንደ ነበረም ያን ጊዜ ነው የተገለጠልን። እንግዳ አይታዘዝም፣ እንግዳ አይወቀስም፣ እንግዳ ለመዋጮ አይጠየቅም።

ከዚህ በኋላ ሁለት ነገር አደረግን። መጀመሪያ በየሀገራችን ላሉት የንስሐ አባቶቻችን ደወልን። የአንዳችን አባት ነገሩን ከሰሙ በኋላ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። የተቀየሙ መስሎን ነበር። ኋላ ግን «እስከ ዛሬ ድረስ ያለ አባት ነበራችኋ!» አሉ፤ አዘኑም። መርቀው፣ በሰላም አሰናብተው፣ ከአዲሱ አጥቢያ አባት እንድንይዝ አዘዙን። ሁለተኛም ከቀድሞ ሰንበት ትምህርት ቤቶቻችን መሸኛ ደብዳቤ አስጻፍን።

መሸኛ ነገሩ የቢሮ ወግ ይመስላል፤ እኛም ማኅተምና ፊርማ ብቻ አድርገን እናየው ነበር። ይሁን እንጂ ሥሩ ሐዋርያዊ ነው። በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 18 የእስክንድርያው አጵሎስ ከኤፌሶን ወደ አካይያ ለመሻገር ባሰበ ጊዜ፣ ወንድሞች እንዲቀበሉት ለዚያ ላሉ ደቀ መዛሙርት ጽፈውለታል። አጵሎስ በመጻሕፍት ዕውቀት የበረታ፣ አንደበተ ርቱዕ ሰው ነበር። «እኔ ራሴ ስናገር ያውቁኛል» ሊል ይችል ነበር፤ ነገር ግን በወንድሞች ደብዳቤ ሄደ። ቅዱስ ጳውሎስም የክንክራኦስዋን ፌቤንን ለሮሜ ምእመናን አደራ ብሎ አስተዋውቋቸዋል (ሮሜ 16፥1)። ክርስቲያን ከአንዱ ማኅበር ወደ ሌላው የሚሄደው ከእጅ ወደ እጅ እየተሰጠ ነው። እኛ ግን ከአንደኛው እጅ ወጥተን ሁለተኛው ሳይቀበለን በመካከል አንድ ዓመት ተኩል ኖርን።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ወንድማችን መናገር ይገባናል፤ ፈቅዶልናልም። እርሱ መሸኛ አላስጻፈም። የቀድሞ ሰንበት ትምህርት ቤቱን የተወው በትምህርት ምክንያት ብቻ አልነበረም። ለመዝሙር ልብስ በተሰበሰበ ገንዘብ ሳቢያ ጠብ ተነሥቶ፣ በጥርጣሬ ስሙ ተነሥቶ፣ ቃሉ ሳይሰማ ከአገልግሎት እንዲያርፍ ተደርጎ ነው የወጣው። ጥፋቱ የማን እንደ ነበረ ልንፈርድ አንችልም። ጉዳቱን ግን አይተናል። «ሁሉም ቦታ ያው ነው፤ ነገ እዚህም ያው ይሆናል» ይለናል። እኛም በመጀመሪያ ጥቅስ እየደረደርን ስንከራከረው ሰነበትን፤ ያ ስሕተት ነበር። የተገፋ ሰው በክርክር አይመለስም።

ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ቍጥር 23 እና 24 ስለ መባ የተናገረውን ሁላችንም በቃል እናውቀዋለን። ይህን ክፍል ከእርሱ ጋር ደግመን ስናነበው ያልጠበቅነውን አየን። ወንድምህ በአንተ ላይ አንዳች ነገር እንዳለው ካሰብህ አስቀድመህ ሄደህ ታረቅ ይላል እንጂ፣ ጠቡን ማን እንደ ጀመረ ቃሉ አይጠይቅም። ሂድ የተባለውም መባውን የያዘው፣ ከመሠዊያው ፊት የቆመው ነው። ይህ ከባድ ነው፤ ለተበደለ ሰው ደግሞ ይብስ ይከብዳል። ቢሆንም ከጠብ የወጣ ሰው አዲስ አጥቢያ ሲገባ አሮጌውን ጠብ በልቡ ይዞ ይገባል፤ አዲሶቹን ወንድሞቹንም በአሮጌዎቹ ዐይን ያያቸዋል። እኛ በናፍቆት ያደረግነውን እርሱ በቂም አደረገው፤ ሁላችንም በአካል እዚህ፣ በልብ እዚያ ነበርን።

እንግዲህ እንዴት ገባን? በከተራ ዕለት ነው። ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ሲወጡ በመንገዱ ዳር እንደ ልማዳችን ቆመን እናይ ነበር። ምንጣፍ የሚያነጥፉት ወጣቶች ከኋላ ጠቅልለው ወደ ፊት እየሮጡ ሲዘረጉ አንዱ ደከመውና ወደ እኛ ዞሮ «ወንድሜ፣ ያዝ በዚያ በኩል!» አለ። ስማችንን አያውቅም፤ መሸኛችንንም አላየም። ያዝን። እስከ ጥምቀተ ባሕሩ ድረስ እየጠቀለልን፣ እየዘረጋን፣ አቧራ እየጠጣን ሄድን። ማታ ድምፃችን ተዘግቶ፣ ጉልበታችን ተልጦ ስንመለስ ከበሮው እንዴት እንደ ተመታ ያነሣ ሰው አልነበረም። ምንጣፍ የሚዘረጋ ሰው ለማወዳደር ጊዜ የለውም።

ስለ ከበሮው ካነሣን፣ ያ ማወዳደራችን ያላዋቂነትም ጭምር እንደ ነበረ ኋላ ከመሪጌታችን ተምረናል። ለካ በአቋቋም የጎንደሩ ላይ ቤትና ታች ቤት፣ የጎጃሙ ተክሌ አለ፤ በድጓም የቤተልሔም፣ የቆማ፣ የአጫብር ይትበሃል አለ። ሁሉም የቅዱስ ያሬድ ልጆች ናቸው። እኛ «ተበላሸ» ያልነው የሌላ ቤት ሥርዐት ኖሯል። የቆሎ ተማሪውን ተመልከቱ። ከእናቱ ቤት ይወጣል፤ ለቅኔ ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ጎንጅ፣ ለድጓ ወደ ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ወደ ዙር አባ፣ ለአቋቋም ወደ ጎንደር ይሄዳል። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ በእንተ ስማ ለማርያም ይላል። በደረሰበት ሁሉ ግን ጎጆውን ይቀልሳል፤ ለመምህሩ ውኃ ይቀዳል፤ እንጨት ይሰብራል፤ ታላቁም ለታናሹ ያስቀጽላል። «የእኔ መምህር እዚያ ናቸው» እያለ ከደጅ ቢቆም ኖሮ አንድ ቀለም አይዘልቅም ነበር። የቀድሞውንም መምህር አይክድም፤ «የእገሌ ተማሪ ነኝ» ማለት ለእርሱ ክብር ነው። እኛም የሀገራችንን አጥቢያ ርሱ የተባልን አድርገን ማሰባችን ከንቱ ፍርሃት ነበር።

በመጽሐፍ ቅዱስ እንደ አቂላና እንደ ጵርስቅላ ከቦታ ቦታ የተንከራተተ ባልና ሚስት ማግኘት ያስቸግራል። አቂላ በትውልዱ የጳንጦስ ሰው ነው። ከኢጣልያ የወጡት ቀላውዴዎስ ቄሣር አይሁድ ከሮሜ እንዲወጡ ስላዘዘ ነው፤ ወድደው አልወጡም። በቆሮንቶስ ድንኳን እየሰፉ ቅዱስ ጳውሎስን በቤታቸው ተቀበሉ፤ ከእርሱም ጋር ወደ ኤፌሶን ተሻገሩ፤ በዚያም አጵሎስን ወደ ራሳቸው ወስደው የእግዚአብሔርን መንገድ አስተማሩት። በኤፌሶን በቤታቸው ያለች ቤተ ክርስቲያን ትጠቀሳለች (1ኛ ቆሮ. 16፥19)፤ ወደ ሮሜ ከተመለሱም በኋላ በቤታቸው ያለች ቤተ ክርስቲያን ትጠቀሳለች (ሮሜ 16፥5)። ልብ በሉ፤ ስደተኞቹ እነርሱ ናቸው፣ እንግዳ ተቀባዮቹም እነርሱ ናቸው። «እስክንደላደል ድረስ» ብለው ቢጠብቁ ኖሮ ጳውሎስ በቆሮንቶስ ወደ ማን ቤት ይገባ ነበር?

አሁን ደግሞ ለእናንተ፣ እዚሁ ተወልዳችሁ እዚሁ ላደጋችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ በፍቅር አንድ ነገር እንናገር። ጥፋቱ አብዛኛው የእኛ ነው ብለናል፤ ሁሉም ግን የእኛ አይደለም። ከጉባኤ በኋላ ክብ ሠርታችሁ የዐሥር ዓመት ቀልዳችሁን ስትቀልዱ አዲስ የመጣው ሰው ጫማውን እያየ ይቆማል። አንዳንዶቻችሁም «ከየት ነህ?» ትላላችሁ። ጥያቄው ድሮ ለማስተናገድ የሚጠየቅ ነበር፤ በዚህ ዘመን ግን ሰውን ለመመደብም ይጠየቃልና የተጠየቀው ልቡ ይፈራል። ያች እናት «የንስሐ አባታችሁ ማን ናቸው?» ማለታቸው ከዚህ ሁሉ የተሻለ ነበር። ቅዱስ ጳውሎስ እንኳ ወደ ኢየሩሳሌም በመጣ ጊዜ ደቀ መዛሙርቱ ፈርተውት ነበር፤ ደቀ መዝሙር መሆኑንም አላመኑም። በርናባስ ግን ወስዶ ወደ ሐዋርያት አገባው (ሐዋ. 9፥26-27)። በርናባስ በዚያ ቀን ረጅም ስብከት እንዳደረገ አልተጻፈም፤ ይዞት ገባ፣ የሆነውንም ተረከላቸው።

ዘንድሮ አዲስ የገቡት ተማሪዎች በየእሑዱ ከዛፉ ሥር ሲቆሙ እያየናቸው ነው፤ ቦታውን በደንብ እናውቀዋለን። ስለዚህ ከአባላት ጉዳይ ክፍል ጋር ተነጋግረን፣ ከመጪው እሑድ ጀምሮ ከቅዳሴ በኋላ ሁለት ሁለት እየሆንን ከዚያው ዛፍ አጠገብ እንገኛለን። መሸኛ ያለው መሸኛውን ይስጠን፤ የሌለው ስሙን ይንገረን። የንስሐ አባት መያዝ የሚፈልገውን ወደ ካህናቱ ይዘነው እንገባለን። የታመመ ጓደኛ ያለውም የዶርሙን ቍጥር ይንገረን። የመጀመሪያውን ተራ ከእኛ ጋር ለመቆም ያ ወንድማችን ተስማምቷል። ወደ ቀድሞ ሰንበት ትምህርት ቤቱ ግን ገና አልደወለም፤ በጸሎታችሁ አስቡት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።