ያላየነው በረዶ ምን አገባን?

ባለፈው ቅዳሜ ፈተና ጨርሰን አሞራ ገደል ወርደን ነበር። ዓሣችንን በልተን፣ አባ ኮዳዎቹ በአጥንት ሲሻሙ እያየን፣ ጨዋታው ወደ ጂኦግራፊ ትምህርታችን ዞረ። ሳተላይት መለካት ከጀመረበት ከ1979 እ.ኤ.አ. ወዲህ በየዓመቱ መስከረም ላይ በአርክቲክ ውቅያኖስ የሚቀረው በረዶ በየ10 ዓመቱ 12 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ አንዱ አነሳ። ሌላው «ታዲያ እኛን ምን አገባን? እኛ በረዶ የምናውቀው ቆርቆሮ ሲደበድብ ነው» አለ። ሳቅን። ጥያቄው ግን እስከ ዶርም ተከተለን።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። በረዶ ነጭ ስለሆነ የፀሐይን ብርሃን መልሶ ወደ ሰማይ ይልካል። ሲቀልጥ ጥቁር ባሕር ይገለጣል፤ ጥቁሩ ሙቀት ይጠጣል፤ የሞቀው ባሕር ደግሞ የቀረውን በረዶ ያቀልጣል። ጥፋት ጥፋትን ይወልዳል ማለት ነው። ተንሳፋፊው በረዶ ቢቀልጥ የባሕሩን ከፍታ እምብዛም አይለውጥም። በየብስ ላይ የተከመረው ግን ሌላ ነው። የግሪንላንድ በረዶ ሙሉ በሙሉ ቢቀልጥ የዓለም ባሕር 7 ሜትር ያህል ከፍ ይላል።

«ባሕር ለሌለው አገር ይህ ምኑ ነው?» የሚል አይጠፋም። በረዶ ግን ለአገራችን ባዕድ አይደለም። ከሐዋሳ በስተምሥራቅ፣ በባሌ የሳነቴ አምባ ላይ፣ ጥንት የበረዶ ግግር ተንሰራፍቶ ነበር። በፊንጫ ሀበራ የአለት መጠለያ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች ግዙፍ ፍልፈል እየጠበሱ ይኖሩ እንደነበር ተመራማሪዎች በ2019 እ.ኤ.አ. አስታውቀዋል። ባልጩት የሚያመጡት ከዚያው ከበረዶው አካባቢ ነበር። ያ በረዶ ቀለጠ። ያቀለጠው ተፈጥሮ ነውና የሚጠየቅ ሰው የለም። የዛሬውን የሚያቀልጠው ግን በዋናነት ሰው ያነደደው የከሰልና የነዳጅ ጭስ ነው። ጥያቄው ከጂኦግራፊ ወጥቶ ወደ ሥነ ምግባር የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

«ያጠፉት ባለ ፋብሪካዎቹ ናቸው፤ የእኛ ድርሻ ኢምንት ነው» እንላለን። ሐቅ ነው፤ ዕዳው እኩል አይደለም፣ ብዙ የበላ ብዙ ይክፈል። ሆኖም «ኢምንት» የምትለውን ቃል እንጠርጥራት። ከከተማችን አጠገብ ጨለለቃ የሚባል ሐይቅ ነበረ፤ ውሃው በጥቁር ውሃ ወንዝ በኩል ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ይወርድ ነበር። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ክፍት ውሃ የነበረው ቦታ ዛሬ ረግረግ ነው። ከመካከላችን አባቱ እዚያ ከብት ያጠጡ የነበረ ጓደኛ አለን። «ማን አደረቀው?» አልነው። ጥቂት አሰበና «ማንም» አለ።

«ማንም» ማለት እኮ ሁሉም ማለት ነው። አንዱ ዛፍ ቆረጠ፣ አንዱ ተዳፋት አረሰ፣ ደለሉ ወረደ። እያንዳንዱ «የእኔ ኢምንት ነው» ቢል አልዋሸም። ሐይቁ ግን የለም።

የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም፤ የጣልንበት ቆሻሻ እዚያው ይከማቻል። የዓለም አየርም እንዲሁ ነው፤ ጭሳችንን ጠርጎ የሚወስድልን ወንዝ የለም። ስለዚህ ያገባናል እንላለን፤ የምንጠየቀው ግን እንደየድርሻችን ነው።

ይህን ስንጽፍ አንዱ «ያን ቅዳሜ ዓሣ የገዛንበትን ፌስታል የት ጣልነው?» ብሎ ጠየቀ። ማናችንም አላስታወስንም።