ማንበብ ያልቻለ ሕፃን፦ ዕዳው የማን ነው?

አንድ ሕፃን ሦስት ዓመት ትምህርት ቤት ተመላልሶ፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋው የተጻፈ አንድ ዐረፍተ ነገር ማንበብ ቢሳነው የወደቀው ማን ነው? ጥያቄው የትምህርት ባለሙያዎች ብቻ ይመስለን ይሆናል፤ ነገር ግን ሁላችንን የሚመለከት የፍትሕ ጥያቄ ነው።

በምሥራቅ ጎጃም፣ በአምበርና በዙሪያዋ ባሉ የገበሬ መንደሮች የሚያድግ ልጅ አማርኛን የሚማረው ከእናቱ አንደበት ነው። ተረቱንና እንቆቅልሹን ፊደል ከመቁጠሩ በፊት ያውቃል። አገሩም እነዲማ ጊዮርጊስን የመሰሉ ስመ ጥር ጉባኤዎች የቆሙበት የቅኔ አገር ነው። እንግዲህ ይህ ልጅ ማንበብ ቢያቅተው «ቋንቋው አልገባውም» ለማለት አንችልም።

ቀድሞ የኔታ ዘንድ መለኪያው ግልጽ ነበር። 33ቱ ፊደላት በሰባት በሰባት ሲረቡ 231 ይሆናሉ፤ እነዚህን ያልለየ ልጅ ወደ ንባብ፣ ንባብ ያልቀናው ወደ ዳዊት አይሻገርም ነበር። መለኪያው እውነተኛ ነበር፤ ዳሩ ግን ብዙዎች በለጋነታቸው ተስፋ ቆርጠው ይቀሩ ነበር።

ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ጋር የተዘረጋው አሠራር ሌላ መንገድ መረጠ። ለየክፍሉ ተማሪው ሊደርስበት የሚገባ ዝቅተኛ የቋንቋ ብቃት ተወሰነ፤ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ደግሞ ሕፃናት በነፃ ዝውውር እንዲያልፉ ተደረገ። ዓላማው የሚያስመሰግን ነበር፤ ክፍል የደገመ ሕፃን አፍሮ ትምህርቱን እንዳይተው ነው። መምህሩም በተከታታይ ምዘና የደከመውን እየለየ እንዲያግዝ ታስቦ ነበር። ነገር ግን ሃምሳና ከዚያ በላይ ሕፃናት በታጨቁበት ክፍል ምዘናው ስሙ ሲቀር ዝውውሩ ብቻ ቀጠለ። በ2002 ዓ.ም. አማራን ጨምሮ በልዩ ልዩ ክልሎች ከ13,000 በላይ ሕፃናት በንባብ ሲመዘኑ፣ ከ2ኛ ክፍል 34 ከመቶ፣ ከ3ኛ ክፍልም 20 ከመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። መለኪያ ማለት በልጁ ላይ የተጫነ ቀንበር አይደለም፤ ዐዋቂዎች ለልጁ የገቡት ቃል ነው። «በዚህ ዓመት ታነባለህ» ብለን ከጻፍን በኋላ ሳያነብ ብናሳልፈው፣ ዕዳችንን ሳንከፍል «ተከፍሏል» ብለን መፈረማችን ነው። እንዲደግም አድርገን ብናሳፍረውም የእኛን ዕዳ ከእርሱ መጠየቃችን ነው። የመጀመሪያው ሐሰት፣ ሁለተኛው ግፍ ነው። ፍትሕ የሚሆነው የደከመውን ልጅ በጊዜ ለይቶ፣ ከጓደኞቹ ሳይነጥሉ፣ እስኪያነብ ድረስ አብሮት መድከም ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በተነሣው ግጭት በክልሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች ስለ ተዘጉ ይህ ዕዳ እጅግ ከብዷል። ትምህርት ያመለጠውን ልጅ ዕድሜው በሚፈቅደው ክፍል ማስቀመጥ ብቻውን ያመለጠውን አይመልስለትም።

ውድ አንባብያን፣ ራሱ ያልተማረ አባት እንኳ ማታ በኩራዝ ብርሃን «እስቲ አንብብልኝ» ማለት ይችላል፤ ልጁ ሲደናቀፍ ይሰማዋልና። ካቴኪስቶችም ልጁ በቃሉ የሚለውን ከሚያነበው ለይተን እንወቅ። በቃል መሸምደድ የማያነበውን ልጅ ከዓይናችን ይሰውረዋልና። ያልቻለውን ስናገኝ ከመውቀሳችን በፊት፣ ቃል የገባንለት እኛ መሆናችንን እናስታውስ።