ዳውላው የማን ነው?

ባለፈው ክረምት፣ ከእህል ገበያው በላይ ባለው ዳገት፣ አንዲት አህያ ጭቃው ላይ ተንበርክካ አየሁ። ኩንታል እህል ተጭናለች፤ በላዩም ሌላ ማዳበሪያ ተደርቦባታል። ነጂው ልጅ በዱላ ይላታል። አንድ መንገደኛ «ኧረ አንተ ልጅ፣ ፈጣሪን አትፈራም?» ቢለው፣ «ጋሼ፣ እሷ ካልተነሳች እኔም እራት የለኝ» አለው። መንገደኛውም እኔም ዝም ብለን አለፍን። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

ሕግ የለም እንዳንል አለ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን በእንስሳት ላይ መጨከንን ከደንብ መተላለፍ ጥፋቶች ይቆጥረዋል። ወረቀት ግን ዱላ አይቀማም። ደግሞስ ፖሊስ በዚያች ሰዓት ቢደርስ ማንን መያዝ ነበረበት?

ይህ ጥያቄ በእንግሊዝ አገር ቀድሞ ተነስቷል። ሪቻርድ ማርቲን የተባለው የፓርላማ አባል ፈረስን፣ አህያንና የቀንድ ከብትን በጭካኔ መደብደብ የሚከለክል ሕግ በ1822 እ.ኤ.አ. እንዲወጣ አደረገ። ሕጉ ዝም ብሎ እንዳይቀመጥ ራሱ በለንደኑ የስሚዝፊልድ ገበያ እየዞረ ደብዳቢዎችን ፍርድ ቤት አቆመ። በ1824 የተቋቋመው የእንስሳት ጥበቃ ማኅበርም ተቆጣጣሪ ቀጥሮ ሥራውን ገፋበት። እስከዚህ ሸጋ ነው። ግን ባብዛኛው የተከሰሱት እነማን ነበሩ? ጋሪ ነጂውና ከብት ነጂው። ባላባቱ ቀበሮን በውሻ ማሳደዱን በእንግሊዝና በዌልስ የከለከለው ሕግ የወጣው በ2004 ነው፤ ከ182 ዓመት በኋላ! አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው።

«እንግዲያው ድሃውን ተዉት» የሚለኝ ጓደኛ አለኝ። አልስማማም። ዱላው ከድሃም እጅ ይምጣ ከሀብታም፣ ለአህያዋ ሕመሙ ያው ነው። ፈላስፋው ቤንታም በ1789 ባሳተመው መጽሐፉ፣ የእንስሳት ጉዳይ የሚመዘነው ማሰብ ወይም መናገር በመቻላቸው ሳይሆን መሰቃየት በመቻላቸው ነው ብሎ የተከራከረው ይህን ይዞ ነው። የተበደለ ሰው በተራው ሲበድል፣ በደሉ ጽድቅ አይሆንለትም።

ስለዚህ ሕጉ ይፈጸም እላለሁ፤ ግን ከዳውላው ባለቤት ይጀምር። ማዳበሪያ ያስደረበው ነጋዴ ይጠየቅ፤ አህያዋን እያከራየ ቁስሏን የማያይ ባለቤቷም ይጠየቅ። ልጁ መጀመሪያ ይመከር፤ ደግሞ ካጠፋ ይቀጣ።

እኛስ? ያን ቀን የተደረበውን ማዳበሪያ ብናወርድላት ምናልባት ትነሳ ነበር። ሕጉ ባይደርስ፣ የእኛ እጅ እዚያው ነበር፤ ኪሳችን ውስጥ።