ማይተር ሶው ልትገዛ ለተነሣኸው ልጄ

ልጄ፣ እቁቡ ሲደርስህ ብሩን ማይተር ሶው ልትገዛበት እንደወሰንክ ሰምቻለሁ። ደግ አስበሃል። ጥርና የካቲት ሠርግ ሲደራረብ አልጋና ቁም ሳጥን የሚያሠራው ሰው ደጅህ ላይ ይሰለፋል፤ በእጅ መጋዝ እየገዘገዙ ለዚያ ሁሉ ሰው በቀጠሮው መድረስ አይቻልም። ነገር ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሱቅ ገብተህ «ትልቁን አምጡልኝ» ከማለትህ በፊት ይህን ምክሬን ስማ።

መጀመሪያ ማሽኑ ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ ለይ። ማይተር ሶው እንጨትን በወርዱ ይቆርጣል፤ ቀጥ አድርጎም ሆነ በ45 ዲግሪ አጋድሞ። በቁመቱ አይሰነጥቅም። ግንድ ጣውላ አያደርግልህም፤ ሰፊውን ቺፑድ ለሁለት አይከፍልልህም። የዕለት ችግርህ መሰንጠቅ ከሆነ የሚያስፈልግህ የጠረጴዛ መጋዝ ነውና ብርህን ወደዚያ አዙር። የበርና የመስኮት ፍሬም፣ የአልጋ ጎን፣ የመደርደሪያ ጣውላ፣ የኮርኒስ ሊስትሮ በልኩ እየቆረጥክ በማዕዘን የምትገጥም ከሆነ ግን ይህ መሣሪያ ለአንተ ነው።

ቀጥሎ መጠን። እነዚህ ማሽኖች የሚታወቁት በዲስካቸው ስፋት ነው፦ 216፣ 254 እና 305 ሚሊ ሜትር ይበዛሉ። አብዛኛው ገዢ ዲስኩ በሰፋ ቁጥር ሰፊ ጣውላ የሚቆርጥ ይመስለዋል። እንዲያ አይደለም። ሐዲድ የሌለው፣ ወደ ታች ብቻ የሚወርደው ማሽን 254 ዲስክ ይዞ እንኳ 14 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ያበቃለታል። ጭንቅላቱ በሐዲድ ላይ የሚንሸራተተው ትንሹ 216 ደግሞ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ጣውላ በአንድ ጊዜ ይቆርጣል። የሜታቦው ኬጂኤስ 216 እስከ 305 ሚሊ ሜትር፣ የቦሹ ጂሲኤም 8 እስከ 312 ሚሊ ሜትር ይደርሳሉ። ስለዚህ ወርድ የሚሰጥህ ሐዲዱ ነው።

ዲስኩ የሚወስነው ከፍታን ነው። የ216ቱ ማሽን ከፍታ 65 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 5 በ7 ሞራሌ በሰፊው ጎኑ ካስተኛኸው 5 ሳንቲ ሜትሩን በቀላሉ ይጨርሳል፤ በጠባቡ ጎኑ ካቆምከው ግን 7 ሳንቲ ሜትሩ ላይ አምስት ሚሊ ሜትር ሳይቆረጥ ይቀራል። አስተኝተህ መቁረጥ ከቻልክ ደግሞ ምን ጎደለህ? ወፋፍራም ቋሚና ማገር ሁልጊዜ የምትቆርጥ የቤት አናጺ ብትሆን 305ቱን ፈልግ እልህ ነበር። ለቤት ዕቃ ሠሪ ግን ያ ክብደቱም፣ የዲስኩ ዋጋም፣ የሚጠይቀው መብራትም ትርፍ ሸክም ነው። 216ቱ ከ14 እስከ 17 ኪሎ ስለሚመዝን ለብቻህ አንሥተህ ማታ ቤት ታስገባዋለህ። የጓሮ ወርክሾፕ ላለው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሱቅ ውስጥ ግን ከማሽኑ ጀርባ ቆመህ እይ። አንዳንዱ ሲንሸራተት ሐዲዱ ወደ ኋላ ይወጣል፤ ከግድግዳ ብዙ ካላራቅከው አይሠራም። ሌላው ሐዲዱ ተተክሎ ጭንቅላቱ ብቻ ይመላለሳል፤ ግድግዳ አስጠግተህ ታስቀምጠዋለህ። ከመሄድህ በፊት የወርክሾፕህን ጥልቀት በሜትር ለክተህ ቁጥሩን ጽፈህ ያዝ። ሱቅ ውስጥ ማሽኑን እስከ መጨረሻው ገፍተህ፣ ከፊት እጀታ እስከ ኋላ ጫፍ ለካ። ሁለቱ ቁጥሮች ካልተስማሙ ማሽኑ ምንም ያህል ቢያምር ተወው።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚዘነጋው መብራት እንምጣ። የአገራችን መብራት 220 ቮልት ነው። አሜሪካ ያለው አጎትህ «ከዚህ ልላክልህ» ቢልህ አመስግነህ አንድ ነገር ጠይቀው፦ በማሽኑ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ስንት ቮልት ይላል? የአሜሪካው 120 ቮልት ነው፤ እኛ ሶኬት ላይ ከተሰካ ሞተሩ በቅጽበት ይነዳል። ከእንግሊዝ የሚመጣ ያገለገለ፣ ሶኬቱ ቢጫ የሆነም 110 ቮልት ነው። በትራንስፎርመር ይሠራል የሚልህ አይጠፋም፤ እውነት ነው፣ ይሠራል። ነገር ግን የማሽኑን ጉልበት የሚችል ትራንስፎርመር ከባድና ውድ ስለሆነ በስጦታ የመጣው ዕቃ ከተገዛው የበለጠ ያስወጣሃል።

220 ሆኖም ሽቦውን እይ። 1500 ዋት ማሽን ሲሠራ 7 አምፔር ያህል ይስባል፤ ሲነሣ ደግሞ ለቅጽበት የዚያን ብዙ እጥፍ። ለአምፖልና ለቴሌቪዥን በተዘረጋ ቀጭን ኤክስቴንሽን ከሳሎን እስከ ጓሮ ብትጎትተው ጉልበቱ በመንገድ ያልቃል፤ ሽቦው ይሞቃል፣ ዲስኩ እንጨቱ ውስጥ ይደክማል፣ ሞተሩ ይቃጠላል። ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ ከነመሬቱ በኤሌክትሪክ ባለሙያ ቀጥታ ከቆጣሪ አዘርጋ። ኤክስቴንሽን መጠቀም ግድ ከሆነብህ ጥቅልሉን ሙሉ በሙሉ ፍታው። ማታ አምፖሉ ሲደበዝዝ ካየህ መጋዙን አጥፍተህ የመሮና የኮላ ሥራህን ሥራ። ጄኔሬተር አለኝ ካልክም፣ ከተማችን እንጅባራ ከባሕር ወለል ከ2500 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስለሚሳሳ የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን እዚህ ያጣል። በላዩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር እንዳለ አትመን።

ከመብራቱ ይልቅ ሥራህን የሚያበላሽብህ ግን እንጨቱ ነው። በአዊ እጃችን ላይ የሚገኘው በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው፤ በፋግታ ለኮማ ወረዳ የሚተከለው ዲከረንስ የተባለው ዛፍ አብዛኛው ቀጭን ስለሆነ ለከሰል ይሄዳል፤ ዋንዛ ውድ ነው። ባሕር ዛፉ ብዙ ጊዜ እርጥብ ሆኖ ገበያ ይወጣል። ክረምታችን ረጅም፣ አየራችንም እርጥብ ነውና በሐምሌ የገዛኸው ጣውላ እስከ ኅዳር ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ማይተር ሶው ደግሞ የሚታመነው ከኋላ መደገፊያው ጋር የሚጣበቀው ጎን ቀጥ ካለ ብቻ ነው። በጠማማ ጣውላ ላይ 90 ዲግሪ ብሎ ነገር የለም። እርጥብና ጠማማ እንጨት ሲቆረጥ ይዘጋና ዲስኩን ይነክሳል፤ ማሽኑም ይዘላል። ስለዚህ እንጨትህን ከጣሪያ ሥር፣ ከመሬት ከፍ አድርገህ፣ በመካከሉ ቀጫጭን እንጨት እየጣልክ ደርድር፤ ጫፍ ጫፉን ቀለም ቀባው፤ አንዱን ጎን በመላጊያ አቅና። ጎባጣ ጣውላ መቁረጥህ ካልቀረም የጎበጠው ሆዱ መደገፊያውን ይንካ፤ ያን ጊዜ ሲቆረጥ አፉ ይከፈታል እንጂ ዲስኩ ላይ አይዘጋም።

የእንጅባራ ልጅ ቀርከሃ ሳይቆርጥ አይውልምና ስለ እርሱም ልንገርህ። ቀርከሃ ክብ ስለሆነ ዲስኩ ሲነካው ይሽከረከራል፤ በእጅ ብቻ ይዞ መቁረጥ ጣትን አሳልፎ መስጠት ነው። ሁለት ጣውላ በማዕዘን ገጥመህ እንደ ቦይ የሆነ መቀመጫ ሥራለት፤ ጣውላዎቹን የምትገጥምበት ብሎን ዲስኩ ከሚያልፍበት መስመር ይራቅ። ቀርከሃውን ቦዩ ውስጥ አስተኝተህ በክላምፕ እሰር። የሚቆረጠው ቦታ ላይ ፕላስተር ጠቅልል፤ ያለዚያ ላዩ ይተረተራል። የቀርከሃ ልጥ ዲስክን ቶሎ ያዶለዱማል፤ ለዋንዛ የያዝከውን ጥሩ ዲስክ አታባክንበት።

ግዢው ላይ ስትደርስ፣ ፈረስ የሚገዛ አገው ጥርሱንና ሰኮናውን ሳያይ ገንዘብ እንደማይቆጥር አንተም መርምር። ጭንቅላቱን ሙሉ በሙሉ ወደ ራስህ ሳብና ግራና ቀኝ ነቅንቀው፤ የሚወዛወዝ ከሆነ አትግዛው። ዲግሪው 0፣ 22.5 እና 45 ላይ ቀጭ ብሎ ይቀመጥ እንደሆነ ደጋግመህ አዙረው። የታችኛው የዲስክ መከላከያ በራሱ ይዘጋል? ካልዘጋ ዋጋው ግማሽ ቢሆንም ተመለስ። ከዚያ ባለሱቁን አስሰክተህ፣ ጎንና ጎኑ እኩል የሆነ ጠፍጣፋ ጣውላ በ90 ዲግሪ ለሁለት ቁረጥ። አንደኛውን ቁራጭ ገልብጠው፤ ላዩ ታች ይሁን። ሁለቱንም መደገፊያው ላይ አስጠግተህ የተቆረጡትን አፎች ግጠም። ብርሃን ካሳየህ ማሽኑ ልክ አይደለም፤ ክፍተቱም የስህተቱን እጥፍ ያሳይሃል። ይህ ብቻውን ማሽኑን አያስጥልም፤ መደገፊያው በብሎን ይስተካከላል። ባለሱቁ እዚያው አስተካክሎ ደግመህ ስትፈትነው አፎቹ ከገጠሙ ውሰደው፤ ካልገጠሙ ሌላ ያውጣልህ።

ስለ ስሙ ብዙ አትጨነቅ። ማኪታ፣ ቦሽ፣ ሜታቦ፣ ዲወልት የቆዩ ናቸው፤ ከቻይና የሚመጡት ኢንግኮና ቶታል ደግሞ በዋጋ ይቀርባሉ። አንተ የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ የካርቦን ብሩሹና ቀበቶው ባሕር ዳር ወይም መርካቶ ይገኛል ወይ? ባሕር ዳር ደርሶ መልስ የአንድ ቀን መንገድ ነው፤ በጠዋት ሄደህ ማታ መለዋወጫ ይዘህ የማትመለስበት ማሽን የአንተ አይደለም። ያገለገለ ብትገዛ ደግሞ ካርቦኑን አስፈትተህ እይ፤ ያለቀ ካርቦን ርካሽ ነው፣ የተቃጠለ ሞተር ግን አይደለም።

ከካርቶኑ ጋር የሚመጣው ዲስክ ጥርሱ ጥቂት ከሆነ ለሞራሌ ይበቃል። ለቁም ሳጥንና ለቺፑድ 48 ወይም 60 ጥርስ ጨምር። ስትገዛ የመካከሉን ቀዳዳ ለካ፤ በ216ቱ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ይበዛል። ጥርሱ ወደ ፊት በጣም ያዘመመ የጠረጴዛ መጋዝ ዲስክ አትግጠም፤ በተንሸራታች ማሽን ላይ እንጨቱን እየነጠቀ ይወጣል። የብረት መቁረጫ ድንጋይማ ጨርሶ አይታሰብ፤ መከላከያውም ለዚያ አልተሠራም፣ ብልጭታውም ሰጋቱራው ውስጥ እሳት ይጥላል።

አቆራረጡ ቅደም ተከተል አለው። ጭንቅላቱን ወደ ራስህ ሳብ፣ አስነሣ፣ ሙሉ ፍጥነት ይያዝ፣ ወደ ታች አውርድ፣ ከዚያ ወደ መደገፊያው እየገፋህ ቁረጥ። እየሳቡ መቁረጥ ክልክል ነው፤ ዲስኩ እንጨቱ ላይ እየወጣ ወደ አንተ ይሮጣልና። 216 ዲስክ በደቂቃ 5000 ጊዜ ሲዞር ጥርሱ በሰከንድ ከ56 ሜትር በላይ ይሄዳል፤ እጅህን ለመሸሽ ጊዜ የሚባል ነገር የለም። እጅህ ከዲስኩ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ ለአጭር ቁራጭ ክላምፕ ተጠቀም። ቆርጠህ ስትጨርስ ዲስኩ ቆሞ ካላየህ ጭንቅላቱን አታንሣ። ጓንት አትልበስ፤ ጋቢህንም ቤት ተው። መነጽርና ጭንብል ግን ግዴታ ናቸው፦ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የእንጨት ብናኝ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ካረጋገጠ ሠላሳ ዓመት ገደማ ሆኖታል።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። ተንሸራታቹን 216 ግዛ። ከ305ቱ በተረፈህ ብር ሽቦ አዘርጋ፣ አንድ ጥሩ ባለ 48 ጥርስ ዲስክ ግዛ፣ ማሽኑን በብሎን የምታስርበት፣ ግራና ቀኙ ከገበታው ጋር እኩል የሆነ ረጅም ጠረጴዛ ከራስህ ባሕር ዛፍ ሥራ። ብሩ ካልበቃህ በዱቤ ማሽን አታምጣ፤ ሌላ እቁብ ጠብቅ። ገዝተህም በመጀመሪያው ሳምንት የሰው ትእዛዝ አትቀበልበት፤ ለቤትህ አንድ መደርደሪያ ሥራና እናትህ ዕቃ ትደርድርበት። መከላከያውን ፈትተህ ልትሠራ ያማረህ ቀን ግን ማሽኑን ለሌላ ሰው ሽጠው።