የሚያደንቅ ዓይን፣ የማይራራ እጅ

 

የአላህን ፍጡር አድንቆ መመልከት ብቻውን ሰውን አዛኝ ያደርገዋልን?

ኡስታዝ መንሱር በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ፣ በህንድ በሙጋሉ ንጉሥ በጃሃንጊር ቤተ መንግሥት ይሠራ የነበረ ሠዓሊ ነው። በተለይ ወፎችን ላባቸውን አንድ በአንድ እያጤነ ይሥል ነበር። ንጉሡም «ናዲር አል-ዐስር» ማለትም «የዘመኑ ብርቅ» የሚል ማዕረግ ሰጠው። ነፍስ ያለውን ነገር ስለ መሣል ዑለማዎች ያሉትን እናውቃለን፤ የዛሬው ጉዳያችን ግን ስለ ማየት ነው።

ጃሃንጊርም ማየት ይወድ ነበር። በ1621 (እ.ኤ.አ.) ከሀበሻ ምድር የሜዳ አህያ ሲመጣለት፣ መስመሮቹ በቀለም የተቀቡ ናቸው ተብሎ ተጠረጠረ። ተመርምሮ የፈጣሪ ሥራ መሆኑ ሲረጋገጥ ተደነቀ። መንሱርም ሣለው።

ይኸው ንጉሥ ግን አዳኝም ነበር። እስከ 11ኛው የንግሥና ዓመቱ ድረስ በገዛ እጁ የገደላቸውን እንስሳት አስቆጥሮ በማስታወሻው አስፍሯል፦ 17,167። ከእነዚህ ውስጥ 13,964ቱ ወፎች ናቸው። የሚያደንቀው ዓይንና የሚገድለው እጅ የአንድ ሰው ነበሩ።

በ1625 አካባቢ የተሣለና የመንሱር ነው የሚባል የዶዶ ሥዕልም አለ። ዶዶ በሞሪሸስ ደሴት ብቻ የሚኖር፣ መብረር የማይችል ወፍ ነበር። ሰዎችና በመርከብ ይዘዋቸው የመጡ እንስሳት በዚያው መቶ ዘመን አጠፉት። ዛሬ ተመራማሪዎች የወፉን መልክ ለማወቅ ያንን ሥዕል ያያሉ። ሥዕሉ ቀረ፤ ወፉ ግን የለም።

ቁርኣን በሱረቱል ሙልክ ከበላያችን የሚበሩትን ወፎች እንድንመለከት ይጠራናል። በሱረቱል አንዓም ደግሞ እነሱም እንደኛው ኡማዎች መሆናቸውን ይነግረናል። ድንቢጥን ያለ ሐቅ የገደለ እንደሚጠየቅባትም በሐዲስ ተነግሮናል። እንግዲህ ማየት የአደራው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻው አይደለም። የወፍ ፎቶ አይተን «ሱብሓነላህ» ብለን ስናበቃ፣ ልጃችን በወንጭፍ ጎጆዋን ሲያፈርስ ዝም ካልን፣ ያየነው ነገር ነገ ሑጃ ይሆንብናል።

አላህ ዓይናችን ያደነቀውን እጃችን የሚጠብቅ ያድርገን። ኣሚን።