ደንበኛሽን በደብተርሽ ያዢ

ልጄ፣ የእናትሽን የሽሮ ሜዳ የባህል ልብስ ሱቅ መረከብሽን ስሰማ ደስ ብሎኛል። «ሰው ሁሉ በስልክ ነው የሚገዛው፤ ሱቁን ልዝጋው ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። አትዝጊው። ግን እናትሽ በያዘችበት መንገድ ብቻ ይዘሽው አትዘልቂም።

በመጀመሪያ የተለወጠውንና ያልተለወጠውን ለዪ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሲጀምር፣ ኤምፔሳም በነሐሴ 2015 ሲከተል የተለወጠው ብሩ የሚመጣበት መንገድ ነው። ገዢዋ ግን ዛሬም የምትፈልገው ቀሚሱ ልኳ እንዲሆን፣ ሲታጠብ ቀለሙ እንዳይለቅ፣ ለሠርጉ ቀን እንዲደርስላት ነው። ዋሽንግተን ሆና በቴሌግራም የምታዝዝሽ ሴት ጨርቁን ዳስሳ ማየት አትችልም፤ በእሷ ቦታ ሆነሽ የምታዪላት አንቺ ነሽ።

ስለዚህ ቀሚሱን በሱቁ አምፖል ሥር ፎቶ አታንሺው፤ ነጩ ቢጫ መስሎ ይወጣል። ደጅ አውጥተሽ በቀን ብርሃን አንሺው። ጥለቱን ከቅርብ አሳዪ፤ ገልብጠሽም ጀርባውን አሳዪ፤ ሸማኔ የሠራውና ፋብሪካ ያተመው የሚለየው እዚያ ላይ ነው። የታተመ ከሸጥሽም «የታተመ ነው» ብለሽ ጻፊ። የደረቱን፣ የወገቡንና የቁመቱን ልክ በሴንቲሜትር አስቀምጪ። ዋጋውንም አትደብቂ፤ «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚል ያየች ደንበኛ መልስ ከመጠበቅ ወደሚቀጥለው ቻናል ማለፍ ይቀላታል። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ክርም ሆነ ወደ ውጭ መላኪያው ከዶላሩ ጋር ይንቀሳቀሳል፤ ስለዚህ ዋጋሽ እስከ መቼ እንደሚጸና አብረሽ ጻፊ።

ከሁሉ በላይ ግን ይህን ያዢልኝ። በ2015 ከየካቲት እስከ ሐምሌ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገራችን ተዘግተው ነበር። የፋሲካ ገበያ በዚያ መካከል አለፈ። ደንበኞቹን በቻናል ብቻ የያዘ ነጋዴ ለማን ይሽጥ? ስልካቸውን የመዘገበ ግን ደውሎ ይሸጣል። ቻናል የኪራይ ቤት ነው፤ ባለቤቱ በፈለገው ቀን ይዘጋዋል። አንቺ ግን የእያንዳንዷን ደንበኛ ስም፣ ስልክ፣ ልክ፣ የምትወደውን የጥለት ቀለም ፈቅዳልሽ በደብተር ጻፊ። እንቁጣጣሽ ሲቃረብ «ያለፈው ዓመት የወሰድሽው አረንጓዴ ነበር፤ ዘንድሮ ምን ላሠራልሽ?» ብለሽ ስትደውይላት ሌላ ሻጭ አትፈልግም።

በክፍያ ላይ ጠንቃቃ ሁኚ። ገዢ የሚያሳይሽ ስክሪንሾት ገንዘብ አይደለም። የራስሽን ሂሳብ ከፍተሽ ብሩ መግባቱን ሳታዪ፣ ሱቁ በሰው ቢጨናነቅም፣ ዕቃ አትስጪ፤ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ነው። «ከባንክ ነው የምደውለው» ለሚልሽም የሚስጥር ቁጥርሽን አትንገሪ።

የሱቁን ገንዘብ ከቤቱ ለይተሽ ያዢ። እንደ ቴሌብር መላ ያለው ብድር ያለ መያዣ የሚሰጠው የገንዘብ እንቅስቃሴሽ ታይቶ ነው፤ ሽያጭሽ በአንድ ሂሳብ ሲገባ ታሪክሽ ይጠራል። የተበደርሽውም ለክርና ለሸማኔ ይዋል እንጂ ለአዲስ ስልክ አይዋል።

ሸማኔውን አትርሺ። ስልኩ ትእዛዝ በደቂቃ ያመጣል፤ ጥለት ግን በደቂቃ አይሠራም። መጀመሪያ እሱን ጠይቂና ከዚያ ለደንበኛሽ ቀን ስጪ። የሚዘገይ ከሆነም እሷ ሳትጠይቅሽ ቀድመሽ ደውለሽ ንገሪያት። ብዙ ሻጭ ደንበኛውን የሚያጣው በመዘግየቱ ሳይሆን ስልክ ባለማንሣቱ ነው። የሱቁ ዕድሜ የሚረዝመው ቃልሽ ሲታመን ነውና ደብተሩን ዛሬውኑ ገዝተሽ ጀምሪ። እግዚአብሔር ሥራሽን ይባርክልሽ።