መንፈሳዊ ዕድገት በማን ዓይን ይታያል?

ሰው በሥጋው ሲያድግ ዕድገቱን እርሱም ሌላውም ያየዋል። ዓምና የተሰፋለት ቀሚስ ዘንድሮ ያጥረዋል። በቅኔ ቤትም ተማሪው በጉባኤ ቃና ጀምሮ፥ በዘአምላኪየና በሚበዝኁ አልፎ፥ እስከ መወድስ ሲደርስ መምህሩ እየመዘነ ስለሚያሳልፈው ያለበትን ደረጃ አጥርቶ ያውቃል። በመንፈሳዊ ሕይወትስ? አንድ ክርስቲያን ከሕፃንነት ወደ ፍጹምነት ማደጉን በምን ያውቃል? ጥያቄው ለክርክር ብቻ የተነሣ አይደለም፤ ብዙ ዘመን ጾመው፥ ጸልየው፥ በቤተ መቅደስም አገልግለው ሳሉ በዚሁ የሚሰናከሉ ሰዎች አሉና።

ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ምእመናን የጻፈውን እናስታውስ። እነዚያ ሰዎች ዕውቀት ያነሳቸው፥ ጸጋ የጎደላቸው አልነበሩም፤ በልሳን ይናገሩ፥ ትንቢትም ይተነብዩ ነበር። ሐዋርያው ግን እንደ ሕፃናት ወተት እንዳጠጣቸው፥ ጠንካራ ምግብ ለመብላት ገና እንዳልቻሉ ገለጸላቸው። ለዚህ ያቀረበው ማስረጃ የንባባቸውን መድከም አይደለም፤ የጾማቸውን ማነስም አይደለም። በመካከላቸው ቅናትና ክርክር መገኘቱ ብቻ ነው። አንዱ የጳውሎስ ነኝ ሲል ሌላው የአጵሎስ ነኝ ይል ነበር። እኛስ? ዜማው ሁሉ የቅዱስ ያሬድ መሆኑን እያወቅን፥ እኔ የቤተ ልሔም ነኝ፥ አንተ የቆማ ነህ፥ እርሱ የአጫብር ነው እየተባባልን በማኅሌት መካከል ፊት የምንነሣሣበት ጊዜ የለምን? እንዲህ ያለው ሊቅ በትምህርቱ መወድስ ደርሶ ይሆናል፤ በመንፈሱ ግን ገና ፊደል በመቁጠር ላይ ነው።

አባቶች በመጻሕፍተ መነኮሳት የመንፈሳዊውን ሰው ጉዞ ወጣኒነት፥ ማዕከላዊነት፥ ፍጹምነት ብለው በሦስት ከፍለውታል። ይኸውም ከንጽሐ ሥጋ ወደ ንጽሐ ነፍስ፥ ከንጽሐ ነፍስም ወደ ንጽሐ ልቡና የሚያደርስ ሲሆን፥ በውስጡ ዐሥር መዓርጋት አሉት። ትምህርቱ ክቡር ነው። ዳሩ ግን መዓርጋቱን እንደ ቤት መሰላል እየቆጠረ፥ ዛሬ ከዚህኛው ደርሻለሁ፥ ነገ ከዚያኛው እደርሳለሁ የሚል ሰው የአባቶችን ሐሳብ ስቶታል። ከመዓርጋቱ የመጀመሪያዋ ጽማዌ ናት፤ ይህችውም ዝምታ፥ አርምሞ ማለት ናት። እንግዲህ ደረጃውን ለሰው የሚናገር እርሱ ከመጀመሪያይቱም እንኳ ወርዷል።

ሙሴ በደብረ ሲና 40 ቀንና 40 ሌሊት ቆይቶ በወረደ ጊዜ የፊቱ ቆዳ ያበራ ነበር፤ እርሱ ግን መብራቱን አላወቀም። ያዩት አሮንና እስራኤል ናቸው፤ አይተውም ወደ እርሱ መቅረብን ፈሩ። ሶምሶን ደግሞ ጠጕሩ ከተላጨ በኋላ እንደ ቀድሞው ተነሥቼ ጠላቶቼን እበትናለሁ ብሎ አሰበ፤ እግዚአብሔር ከእርሱ መለየቱን ግን አላወቀም። አንዱ ሲከብር ክብሩን፥ ሌላው ሲዋረድ ውርደቱን ሳያውቅ ቀረ። ሰው በገዛ ስሜቱ ተማምኖ ነፍሱን ሊመዝን እንደማይችል ከዚህ የበለጠ ምን ያስረዳናል?

ምናልባት አንባቢ፥ የት እንዳለ የማያውቅ መንገደኛ ወዴት ይሄዳል? ይለን ይሆናል። ሐዋርያው ለፊልጵስዩስ ሰዎች ሲጽፍ ገና ፍጹም እንዳልሆነ፥ ነገር ግን ወደ ፊት እንደሚዘረጋ ይናገራል፤ ከጥቂት ቃል በኋላ ደግሞ ራሱን ከፍጹማን ጋር ይቆጥራል። ቃሉ እርስ በርሱ ይጋጫልን? አይጋጭም። በእኔ አስተያየት በዚህ ስፍራ ፍጹም የተባለው ገና በመንገድ ላይ መሆኑን የተረዳው ሰው ነው። ደርሻለሁ ማለት የሕፃን ጠባይ ነው፤ ሕፃን ያባቱን ጫማ ተጫምቶ ጎልማሳ የሆነ ይመስለዋልና።

ለዕብራውያን በተላከው መልእክትም ጠንካራው ምግብ መልካሙንና ክፉውን ለመለየት ልቡናቸውን በሥራ ላስለመዱ ሰዎች መሆኑ ተጽፏል። መለየት የሚገኘው በልምድ ነው፤ የሚፈተነውም በታላላቅ ነገር ሳይሆን በቤት ውስጥ በሚያጋጥመው ነው። አንዲት እናት ዐቢይ ጾምን 55ቱን ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች እንበል። በመካከሉ ልጇ በጽኑ ታመመ፤ ሰውነቱ ደከመ። ሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ለሕሙም ይራራል፤ እርስዋ ግን በቤቴ ጾም አይፈታም ብላ ብትከለክለው፥ ጎረቤት ሁሉ ጽኑ አማኝ ይላታል፤ እርስዋም ስለ እግዚአብሔር ሕግ የቀናች ይመስላታል። ይህ ግን ጥንካሬ አይደለም። የልጅዋን ድካም በራስዋ ብርታት ልክ ሰፍራዋለች። ለራስዋ የከበደውን ይዛ ለልጅዋ የቀለለውን ብትሰጥ፥ ለእርሱም በገዛ እጅዋ አብስላ ካበላችው በኋላ እርስዋ እስከ ሰዓትዋ ብትቆይ፥ ጾምዋም ይጸናል፥ ፍቅርዋም አይጎድልም። ብርቱው የደካማውን ድካም ይሸከም ዘንድ ሐዋርያው ለሮሜ ሰዎች ያዘዘው ይህን የመሰለውን ነው። የመሸከሙን ነገር የሚመሰክረውም ተሸካሚው አይደለም፤ ሸክሙ የቀለለለት ነው።

የንስሐ አባት የሚያስፈልገንም ስለዚህ ነው። እኛ ወደ እሳቸው ቀርበን ኃጢአታችንን እንናገራለን እንጂ ደረጃችንን አንናገርም፤ ቁመታችንን የሚያዩት እሳቸው ናቸው። ዛሬ ጾም ይብዛልኝ፥ ስግደት ይጨመርልኝ ብለው የሚለምኑ ብዙዎች ናቸው፤ ከተቀያየሙት ወንድማቸው ጋር ይታረቁ ዘንድ ሲታዘዙ ግን ፊታቸው ይለወጣል።

በገዳመ አስቄጥስ የነበረው ቅዱስ ዮሐንስ ሐጺር በወጣኒነቱ ዘመን መምህሩ ደረቅ እንጨት በምድረ በዳ ተክለው በየቀኑ ውኃ እንዲያጠጣው አዘዙት። ውኃው ያለበት ስፍራ ሩቅ ስለ ነበረ በማታ ሄዶ በጥዋት ይመለስ ነበር። አንድ ዓመት አለፈ፤ ሁለተኛውም አለፈ፤ እንጨቱ እንጨት እንደ ሆነ ነበር። ዮሐንስም ሥር ሰድዶ እንደ ሆነ ለማየት ነቅሎ አልተመለከተውም፤ ውኃውን ማመላለሱንም አልተወም። በሦስተኛው ዓመት እንጨቱ ለምልሞ አፈራ። ፍሬውን የቀጠፉት ግን ዮሐንስ ሳይሆን መምህሩ ነበሩ፤ ወደ ቤተ ክርስቲያንም ወስደው፥ የመታዘዝ ፍሬ መሆኑን ነግረው፥ ይበሉት ዘንድ ለወንድሞች አደሉአቸው።